የካፒቴኑ እናት ባሕር ልታይ ሄደች

አውቶቡሱ የባሕሩን ከተማ መግቢያ እንዳለፈ አስጎብኚው ማይክሮፎኑን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። "ውድ ጎብኚዎቻችን፣ በቀኝ በኩል ባሕር" ሲል በግራ በኩል የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ ቀኝ ተደፋ። ቀድማ የደረሰችው የካፒቴኑ እናት ነበረች። የማታውቀውን ሰው ትከሻ ተደግፋ፣ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆየችና "መርከቡ የታለ?" አለች።

"ገና ነው እማዬ፣ ተቀመጪ" አለቻት ታላቋ ልጇ። ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር በአፏ አልዞረም። ሌላው ሰው ሊዝናና ሲሄድ እሷ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው እጇን አጣምራ ነበር የተጓዘችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒቴን የሚባለው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ካፒቴን ግን አይደለም። መርከብ ላይም አይሠራም። የዛሬ ሁለት ዓመት "መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ" ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ እናቱ ወሬውን ለሰፈሩ ለማዳረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። እዚህ ደርሶ ሳይቀበሉት ሲቀር ሰፈሩ ካፒቴን ብሎ ስም አውጥቶለት፣ እናቱንም የካፒቴኑ እናት ማለት ጀምሮ ነበር። ታዲያ በየትኛው ዓይኑ ይመለስ? ቀረ። አሁን በባሕሩ ዳር መናፈሻ ላይ ትልቅ ሰማያዊ የዓሣ ልብስ ለብሶ ከጎብኚ ልጆች ጋር ፎቶ ይነሳል። እናቱ ጋ ሲደውል ግን ሁልጊዜ መሃል ባሕር ላይ ነው፤ ኔትወርኩም ሁልጊዜ ይቆራረጣል።

እውነቱን የምታውቀው እህቱ ብቻ ናት። እሷንም ሲነግራት "እናቴ ትሙት በዪ" ብሎ አስምሎ ነው። ማለች። ከመሐላው በላይ ያስፈራት ግን አስከትሎ ያለው ነበር፤ "እማዬ ካወቀች ከዚህም እጠፋለሁ፤ ድምፄንም አትሰሙም።" ልጁን ታውቀዋለች። ትንሽ እያለ አንድ ብርጭቆ ሰብሮ ሰፈሩ በሙሉ ሲፈልገው አምሽቷል። እጠፋለሁ ካለ ይጠፋል።

እናቷ በበኩሏ "ልጄ ያለበትን ውሃ ሳላይ ልሞት ነው?" ብላ ያዘች። ልጅቷ ፀጉር ቤቷ ሰው በዝቷል አለች፣ መንገዱ ያደክምሻል አለች፣ ባሕር ከውሃ ምን ይለያል አለች። ምኑም አልሠራም። በመጨረሻ የጉዞ ድርጅቶችን ሁሉ ዞራ መናፈሻውን የማያካትተውን ጉብኝት መረጠች፤ ወደቡ፣ የመርከብ መብራት ማማው፣ ከሰዓት የጀልባ ሽርሽር፣ ከዚያ ወደ ቤት። ወንድሟንም ደውላ "ቅዳሜ አትታይ" አለችው። "ቅዳሜማ ዋናው የሥራ ቀን ነው፣ ማን ይፈቅድልኛል? ግን እናንተ በዚህ በኩል ካልመጣችሁ ምን ቸገረኝ" አላት። እሷም አንመጣም አለችው።

የወደቡ ጉብኝት ከአጥር ውጭ ቆሞ ማየት ነው። ሌላው ጎብኚ ስልኩን አውጥቶ መርከቦቹን ፎቶ ሲያነሳ፣ እናት ቀጥ ብላ ወደ ጥበቃው ሄደች።

"ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? እኔ እንኳን የመጣሁት የልጄን ነገር ልጠይቅህ ነው። ካፒቴን ነው።"

"እሰይ፣ እማማ። የመርከቡ ስም ማን ይባላል?"

እናት ዞር አለች። "ማን ነበር ያልሽኝ?"

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መርከቦቹ አዞረች። "የውጭ አገር ስም ነው፤ አፍ አይዘውም።"

"ችግር የለም" አለ ጥበቃው፤ ሰውየው ደግ ነው፣ ደግነቱ ደግሞ ሰዓቱን አልጠበቀም። "ካፒቴን ከሆነ ቢሮ ያውቁታል፤ አሁኑኑ ልጠይቅልዎት" ብሎ የመገናኛ ሬዲዮውን ከወገቡ መዘዘ።

"ተው፣ ተው" አለች ልጅቷ፣ እጁን ልትይዘው ምንም አልቀራትም። "አሁን እዚህ አይደለም ያለው። ሩቅ ነው። ትናንት ደውሎልን ነበር።"

ጥበቃው አያት። እናቷም አየቻት፤ ትንሽ ቆየት ብላ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ" አለችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ማማው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። "ደረጃው ለአንቺ አይሆንም፣ ግፊትሽ ይነሳል" ብትላት እናት አልሰማችም፤ በየመታጠፊያው እያረፈች፣ ከኋላ የሚመጣውን እየመረቀች ወጣች። ከላይ ባሕሩ ማለቂያ አልነበረውም። አድማሱ ላይ አንዲት ጭነት መርከብ ትሄዳለች። እናት ሻርፗን ፈትታ ማውለብለብ ጀመረች።

"ያየኛል?" አለች።

"ያይሻል እማዬ።"

ይህን ስትል ልጅቷ ራሷን ጠላች። ውሸቱን የጀመረው ወንድሟ ነው፤ ዛሬ ግን የእሷ ሆነ። እዚያው ከማማው ላይ ሆና እውነቱን ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ወንድሟ ሻንጣውን ይዞ በሌላ መንገድ ሲሄድ ታያትና መልሳ ዘጋችው።

ከምሳ በኋላ ንፋስ ተነሳ። አስጎብኚው ወደ ጀልባዎቹ ሄዶ ተመለሰና ማይክሮፎኑን ጨበጠ። "ጀልባ አይነሳም ተብለናል። ግን እኛ አንከስርም፤ በምትኩ በጣም ወደሚወደደው የባሕር ዳር መናፈሻ እንሄዳለን።" ሰው አጨበጨበ።

"እኛ ብንመለስስ?" አለች ልጅቷ ብድግ ብላ። "እናቴ አሟታል።"

"ማነው የታመመው? እኔ?" አለች እናት። "አንቺ ነሽ ፊትሽ የገረጣው።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ መስኮቱ ጥግ ተሸጉጣ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። መልእክት ጻፈች፤ "እየመጣን ነው፣ ዞር በል።" ደግማ ጻፈች። የዓሣ ልብስ ኪስ እንደሌለው፣ ስልኩም የሚውለው የፎቶ አንሺው ሣጥን ውስጥ እንደሆነ የነገራት ራሱ ነበር። ነገር ግን የጨነቀው ሰው መደወል አያቆምም።

መናፈሻው ረጅም የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል ተርታ ኪዮስኮች። አግዳሚ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል። እናት ከአውቶቡሱ ወርዳ ጥቂት እንደሄደች ዓሣው ከኪዮስኮቹ ጀርባ ብቅ አለ። ጅራቱ ቀለሙ ለቋል፣ አንድ ዓይኑ ተንጋዷል። ልጆች ይከተሉታል። እየተንገዳገደ፣ እጁን እያወዛወዘ መጣ፤ እነሱን ሲያይ ግን ቀጥ አለ።

"ፎቶ እንነሳ" አለች እናት።

"ለልጆች ነው እኮ እማዬ።"

"እኔስ ምኔ ነው ትልቅ? ባሕር ያየሁት ዛሬ።"

ፎቶ አንሺው ሥራ አግኝቶ የት ይለቃል? "ይምጡ እማማ፣ ይምጡ" ብሎ ተቀበላትና ወደ ዓሣው ዞሮ "ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አለው። ዓሣው አልተነቃነቀም። ትልቁ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዞረ፤ በሁለቱ ኪዮስኮች መሃል ወደ መንገድ የሚያወጣ ጠባብ ክፍተት ነበር። እህቱም ክፍተቱን አየችው። አንድ ጊዜ ከሮጠ፣ ከዚያ በኋላ የት ብላ ትፈልገዋለች?

እናት ግን አጠገቡ ደርሳለች። እጇ ወገቡ ላይ ብቻ ነው የደረሰው፤ እዚያው አሳረፈችው። ፎቶ አንሺው አንድ አነሳ፣ ፀሐይ ነው አለ፣ አዟዙሮ ሌላ አነሳ። ልጅቷ ከካሜራው ኋላ ቆማ የወንድሟን ትንፋሽ ልትሰማ ጆሮዋን ጣለች። ምንም አይሰማም። ሲያልቅ እናት ሰማያዊውን ጨርቅ መታ መታ አደረገችና "በርታ" ብላው ዞር አለች።

አለፈ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ ተነፈሰች። የአውቶቡሱ ጥሩምባም ወዲያው ተሰማ።

እናት ግን ወደ አውቶቡሱ አልሄደችም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋንም አወለቀች።

"እማዬ፣ ሊሄዱ እኮ ነው።"

"ይሂዱ። እኛ እንቆያለን በያቸው። ድምፅሽን ደግሞ ቀንሺ፣ ይሰማል።"

"ማን?"

"ወንድምሽ ነዋ።"

ልጅቷ አጠገቧ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "በምን አወቅሽ?"

"ከዚያ ሲመጣ አየሁት። ዳዴ ብዬ ያስኬድኩትን ልጅ አካሄዱ ይጠፋኛል? አንቺም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፊትሽ ሌላ ነው።"

"አስምሎኝ ነው እማዬ።"

"በማን?"

"በአንቺ።"

"በእኔ? ይኸው አለሁ" አለች እናት።

ልጅቷ ሳቅም ለቅሶም መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። "ታዲያ ለምን በስሙ አልጠራሽውም?"

"ልጥራውና ይሩጥ?"

አስጎብኚው እያለከለከ ደረሰ። "እማማ፣ ይነሱ እንጂ። ፕሮግራሙ አለቀ፣ ሁሉንም አየን እኮ።"

"እናንተ አይታችኋል፤ ለእኔ ቀርቶኛል። ሂዱ ልጄ፣ በሰላም ግቡ።"

ለመነ፣ ሰዓቱን አሳየ፣ ልጅቷን አየ። እሷም ራሷን ነቀነቀችበት። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ዓሣው አውቶቡሱን በዓይኑ ሸኘ፣ ከዚያ ዞሮ ወንበሩን ሲያይ ሁለቱ ሴቶች እዚያው ናቸው። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ። ጀርባው ክፍተቱን ሊነካ ደረሰ።

ልጅቷ ብድግ ልትል ስትል እናቷ እጅጌዋን ጨመደደች። "ተቀመጪ። አትዪው።"

"ሊሄድ ነው እማዬ።"

"አትዪው አልኩሽ። ባሕሩን እዪ።"

ባሕሩን አዩ። ልጅቷ ያን ቀን ባሕሩን ያየችው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም አላየችውም፤ ዓይኗ እዚያ፣ ጆሮዋ ኋላ ነበር። እናቷ እጅጌዋን አሁንም አልለቀቀችም፤ ጨርቁን ጠቅልላ ይዛዋለች። ይህች ማማውን የወጣች፣ በጥበቃው ፊት ያልደነገጠች ሴት ፈርታለች። ልጅቷ ያን ጊዜ ገባት፤ ከወደቡ ጀምሮ የፈራችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ከኋላቸው ፎቶ አንሺው "ወዴት ነው?" ሲል ተሰማ። አንድ ሕፃን "ዓሣው፣ ዓሣው" አለ። ቀጥሎ የካሜራው ድምፅ፣ ቀጥሎም የልጆች ሳቅ። እናት አንገቷን በትንሹ ብቻ አዙራ ከትከሻዋ በላይ በጨረፍታ አየች። ዓሣው ተንበርክኮ ሕፃኑን አቅፏል፤ ደግሞ ሌላ መጣ፣ እሱንም አቀፈ።

"ሲሠራ አይቼው አላውቅም" አለች በቀስታ። "ልየው።"

ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ፎቶ አንሺው ሣጥኑን ዘጋ። የጨርቅ ጫማ ድንጋዩን እየጠረገ ሲመጣ ተሰማ፤ መጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ መጣ። ትልቅ ጥላ ወንበሩ ላይ አረፈ።

እናት ቀና አላለችም። ወደ ሴት ልጇ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች፤ ዓሣም ቢሆን የሚበቃ ቦታ። ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙሷን አውጥታ ክዳኑን ከፈተችና ወደ ጎን ዘረጋችው።

"ጠጣ" አለች። "ከመጣሁ ጀምሮ ውሃ ስትጠጣ አላየሁህም።"

ዓሣው ተቀምጦ ጠርሙሱን ተቀበለ። በዚያ ትልቅ ጭንቅላት ውሃ አይጠጣም። ጠርሙሱን ጉልበቱ መሃል አስቀመጠና ሁለቱን እጆቹን ወደ አንገቱ አነሳ።