ያልኖሩት ስምንት ዓመት

«‹በተወለዱ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው› ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ይስማማችኋል?» አሉ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ኪዳኔ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ሰልስት ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ቻምበርስ ሮድ ባለው የቤተሰቡ አፓርታማ ለቀስተኛው ከሶፋው እስከ በሩ ድረስ ተደርድሯል። አቶ ኪዳኔ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ሊያነቡ ተዘጋጅተዋል።

የሟቹ ልጅ እድላዊት ቀና አለች። «ጋሽ ኪዳኔ፣ አባዬ እኮ ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«የመንጃ ላይሰንሱን ቼክ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

«ላይሰንሱ ነው የተሳሳተው።»

እናቷ ወይዘሮ ስንዱ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ተይው፤ ሰማንያ ሰባት ይባል» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው ‹ዕድሜ ጠግበዋል› ሲለኝ ትንሽ ይቀለኛል። ደግሞስ በሕይወቱ አልወስድም ያለውን፣ በሞቱ እንኳ ይውሰደው።»

እድላዊት እናቷን ማስከፋት ፈራች። ነገሩን ተወችው፤ መተዋም አባቷን መክዳት መሰላት።

ሟቹ ጋሽ ፍቅረሥላሴ በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ናይሮቢ ላይ የስደተኛ ፎርም የሞላላቸው አስተርጓሚ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይለውጥ እንዳለ ገለበጠውና ሰውዬው ቁጭ ባሉበት ስምንት ዓመት አረጁ። ለማሳረም ቢደክሙም አልሆነላቸውም። አገር ቤት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ዳውንታውን ዴንቨር ግን የፓርኪንግ ትኬት ይቆርጡ ነበር። በወረቀቱ ዕድሜ ጡረታ ሲደርስላቸው አልቀበልም አሉ።

«አባዬ፣ ጉልበትህ እኮ አልቋል! ወረቀቱ ፈቅዶልህ የለም እንዴ?» ብላ አልቅሳባቸዋለች እድላዊት፣ ያኔ ሃይስኩል እያለች።

«ስንቱን በሐሰት መሰከርክ ብዬ የቀጣሁ ሰው፣ ያልኖርኩትን ዕድሜ ምን ብዬ ልብላው?»

እውነተኛው ዕድሜያቸው እስኪደርስ በዚያ በዴንቨር ብርድ ቆመው ሠሩ። እድላዊት ይህን ግትርነት ይቅር ብላላቸው አታውቅም፤ ዛሬም ትናደድባቸዋለች፣ ዛሬም ትወዳቸዋለች።

ማታ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያቸውን ለብሰው ሲገቡ፣ ትንሿ እድላዊት «ችሎት! ተነሱ!» ብላ ትጮህ ነበር። ወይዘሮ ስንዱም ጭልፋቸውን እንደያዙ እየሳቁ ይነሳሉ። እሳቸው ኮስተር ብለው «ተቀመጡ» ካላሉ ማንም አይቀመጥም።

ቴሌቪዥኑ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያነሳ፣ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ከፍርዱ በፊት የሚጠይቁት የዳኞቹን ዕድሜ ነበር። «እኔ ከወንበሬ ስነሳ ጎልማሳ ነበርኩ፤ እነዚህ እስኪሞቱ ይፈርዳሉ» ይላሉ። በዕድሜ የገፋ ዳኛ ሲያዩ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። «በወረቀት እበልጠዋለሁ፤ በእውነት ግን ገና ነኝ!» ሆስፒታል የገቡትም «ገና ነኝ» እያሉ ነው።

አቶ ኪዳኔ አንብበው አንብበው መጨረሻው ላይ ደረሱ። «ክቡር ዳኛ ፍቅረሥላሴ በተወለዱ በሰማንያ…»

«ቆይ ኪዳኔ!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰባ ዘጠኝ በል። በውሸት አልሸኘውም። ገና ነበር… ገና ነበር ባሌ!» ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ አሁን ወረደ።

አቶ ኪዳኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው» ብለው አነበቡ።

እድላዊት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወይዘሮ ስንዱ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና ትከሻዋን ተደግፈው አብረዋት ቆሙ። ለቀስተኞቹም ጸሎት የተጀመረ መስሏቸው ሁሉም ተነሱ። «ተቀመጡ» የሚል ሰው አልነበረም።