ማጉያውን አላጠፋም

የከተማችን ምክር ቤት የሬዲዮ ማጉያዬን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንዳላበራ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እኔም አዳራሹ ውስጥ ተነስቼ፣ «እንግዲያው ለሰማዩም ደብዳቤ ጻፉለት!» አልኳቸው። ከቬትናም የሚመጣው ድምፅ እኛ ኔብራስካ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። ሰማዩ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ምክር ቤት የሚባል ነገር አያውቅም።

ነገሩን የጎነጎነው ጎረቤቴ ደልበርት ኩቢክ ነው። ሬዲዮዬን ብቻዋን ብከፍታት ማንንም አትረብሽም፤ ግን ብቻዋን ውቅያኖስ አትሻገርም። ጉልበቷን የሚያበዛውን ማጉያ ስጨምርላት ደግሞ የደልበርት ቴሌቪዥን ላይ መስመር ይጋደማል፣ ተዋናዮቹም እንደ ዳክዬ ይንጫጫሉ። ጩኸቱን የሚያግድ ማጣሪያ ሠርቼ በገዛ እጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ገጠምኩለት። ነቅሎ በአጥር ላይ ወረወረልኝ። ግትር ሰው ነው። እኔ ቨርና ህሩስካም ከሱ አላንስም።

ሥራዬ ቀላል ነው። እዚያ ያለ ወታደር ወረፋ ጠብቆ ጦር ሰፈሩ ሬዲዮ ጋ ይቀርባል፤ እኔ ድምፁን ይዤ ከቤቴ ስልክ ጋር እገጥመዋለሁ፤ እናቱ ወይም ሚስቱ ማድቤቷ ውስጥ ቆማ ታወራዋለች። የሚከፍለኝ የለም፣ በፈቃዴ ነው። ችግሩ፣ በሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል አያወራም። አንዱ ሲጨርስ «ተቀበል» ይላል፣ እኔም ማብሪያውን ወደ ሌላው አዞራለሁ። ለእናትም ለአለቃም ቃሉ ያው ነው። ሳይባል ማዞር እኛ ዘንድ ነውር ነው። «እወድሃለሁ፣ ተቀበል» እያሉ የሚያለቅሱ ሴቶች ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ግን ለማንም አልናገርም። የሬዲዮ ሕግ ይከለክላል፤ ባይከለክልም አልናገርም ነበር።

በስብሰባው ላይ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ደልበርት ጣቱን ሲቀስርብኝ፣ የገዛ ልጁ ላይል በዚያች ማጉያ በኩል አክስቱን አልቢናን እንደሚያናግር አውቃለሁ። እሱ አያውቅም። ልጁ እርሻውን ትቶ በፈቃዱ ሲዘምት፣ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሞ «ከሄድክ ወደ ቤቴ እንዳትመለስ» ብሎት ነበር፤ ላይልም ከዚያ ወዲህ ለአባቱ ትንፍሽ አላለም። እኔ አንዲት ቃል ባወጣ ደልበርት ከነወንበሩ ይገለበጥ ነበር። ዋጥኳት።

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንዳለፈ ማጉያውን አበራሁ። መጀመሪያ የመጣው የላይል ድምፅ ነበር።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ነገ ወደ ጫካው እንገባለን። እዚያ ሬዲዮ የለም፤ እስከ መቼ እንደሆነም አልነገሩንም። አክስቴን ያገናኙኝ፣ ተቀበል።»

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ ጠፋ። እንደገና ልሞክር ስል በሩ ተበርግዶ ደልበርት የምክር ቤቱን ወረቀት እያውለበለበ ገባ።

«አጥፊው! ሰዓቱን አታዪም?»

«አላጠፋም። ፖሊስ ጥራ ከፈለግክ።»

«አንቺ ከሕግ በላይ ነሽ?»

«አዎ፣ ዛሬ ነኝ!»

ሬዲዮዋ ተንኮሻኮሸችና ላይል፣ «አክስቴ የለችም እንዴ? ተቀበል» አለ።

የደልበርት እጅ ወረደ። «ይሄ... ላይል ነው?»

እኔ የአክስቱን ቁጥር ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም የሚያነሳ የለም።

«ስንት ጊዜ ነው የሚደውለው? ስለ እኔስ ምን ይላል?»

«አልነግርህም።»

«ልጄ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እሱ ካልፈቀደ አንተም እንደ ማንም ነህ።» ማብሪያውን አዞርኩ። «ላይል፣ አክስትህ አልተገኘችም። አባትህ ግን እዚህ ቆሟል። እኔ አልጠራሁትም። ታናግረዋለህ ወይስ ላስወጣው? ተቀበል።»

ከሰማዩ ፉጨት መሐል የላይል መልስ መጣ።

«መናገር ከፈለገ ይናገር። እኔ የምለው የለኝም። ተቀበል።»

ማይክሮፎኑን ሰጠሁት። ደልበርት ስለ በቆሎው ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ጉልበቷን ስለታመመችው ላም፣ ስለ ትራክተሩ ጎማ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። «ያን ቀን አውቶቡሱ ጋ ያልኩህ... ፈርቼ ነው። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው የጮህኩብህ።» እዚህ ላይ ይጨርሳል ብዬ ማብሪያውን ያዝኩ። እሱ ግን ወደ ላሟ ተመለሰ፤ ከላሟ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጎረቤት ውሻ። ያኔ ነቃሁበት። እሱ እስካወራ ድረስ ልጁ መመለስ አይችልም። ውጭ እየመሸ ነው፤ ሰማዩ ሊዘጋና ድምፁ ሊጠፋ ነው።

«ደልበርት፣ ‹ተቀበል› በል!»

ራሱን ነቀነቀ። «አጥሩንም ላይል፣ አዲስ ሽቦ...»

«በል አልኩህ! ከተማውን ሁሉ ስታስነሳብኝ ያልፈራህ ሰውዬ!»

«እምቢ ቢለኝስ?» አለ። ዓይኑ በእንባ ሞልቷል። «ቨርና፣ እምቢ ቢለኝስ?»

«ይበልሃ! እምቢ ማለት ላንተ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው? ዕድሜ ልክህን እምቢ ስትል ኖረህ አንዲት እምቢታ መስማት ያቅትሃል?»

ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ተቀበል» አለ፤ ለራሱ እንኳ የተሰማው አይመስለኝም።

ማብሪያውን ሳዞር ነው የገባኝ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፤ ጭቅጭቃችንን በሙሉ ላይል ሰምቶታል። ፉጨቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ የላይል ድምፅ ከሩቅ፣ እየቀጠነ ወጣ።

«አባባ፣ አሁንም እንደተናደድኩብህ ነኝ። ስለ ላሟ ቀጥል። ተቀበል።»