የቤልሚሮ ዓሣ ነባሪ

ያን ዓመት በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ባለችው ደሴታችን በፒኮ ከየካቲት እስከ ግንቦት ዘነበ። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ነፋሱ ወይኑን በባሕር ጨው አቃጠለው። ከዚያ ጭጋግ መጣና ባሕሩ ላይ ተኛ። ጀልባዎቹ ዓሣ ነባሪ ሊያይ የመጣ እንግዳ ጭነው ይወጣሉ፤ ዶልፊን እንኳ ሳያዩ ይመለሳሉ።

የእኔ ሥራ ከገደሉ አናት ካለችው ጎጆ ተቀምጦ ባሕሩን በመነጽር መቃኘት ነው። ዓሣ ነባሪ ስትተነፍስ ካየሁ ለጀልባዎቹ በሬዲዮ እነግራለሁ። ድሮ እንገድላቸው በነበረ ጊዜም ቃኚው የሚቀመጠው እዚችው ጎጆ ነበር።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቀዛፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ጦር የተሰካባት ዓሣ ነባሪ ወደ ታች ስትሮጥ የጦሩ ገመድ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። አብሮኝ የሚቀዝፈው ቤልሚሮ ምሳር አንሥቶ ገመዱን ቆረጠው። እኔ ተረፍኩ፤ እሷ ሄደች። የጀልባችን ሰባት ቤተሰብ ያለ ዓሣ ነባሪ ድርሻ ከረመ። «ገመድ ቆራጩ» አሉት። ሁለተኛ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ላም አርቢ ሆነ። በእኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለ ነገር ምስጋና አይባልም። የአንድ ዓሣ ነባሪ ዕዳ አለብኝ፤ እሱም ያውቃል፣ መንደሩም ያውቃል።

ሰኔ ላይ የቤልሚሮ ወንድም ልጅ ፊሎሜና ከምትመራው ጀልባ በሬዲዮ ጠራችኝ።

«ጋሼ ላውሪያኖ፣ ዛሬ አጎቴን ቤልሚሮን ይዤዋለሁ። ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ እስከ ወይን ለቀማ አይቆይም ብሎታል። አንዴ ዓሣ ነባሪ ልይ አለ።»

«ጭጋግ ነው።»

«እሱማ ለእኔም ይታየኛል።»

የቤልሚሮ ድምፅ ገባ። «ዛሬም ተኝተሃል?»

«አንተን ከላሞችህ ማን ለየህ?»

«ላሞቼ ካንተ የተሻለ ያያሉ።»

አራት ሰዓት ላይ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ አለ። የአንዲት ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ውሃ ሲረጭ አየሁ፤ ወደ ግራ ያዘነበለ። ፊቷ ወደ ምዕራብ ነበር። ጅራቷን አንሥታ ጠለቀች። ጭጋጉ ተመልሶ ተዘጋ። ሰዓቴን አየሁ።

«ፊሎሜና፣ ሁለት ማይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሂጂና ሞተርሽን አጥፊ። ስትጠልቅ ሃምሳ ደቂቃ ትቆያለች።»

ከዚያ መቁጠር ብቻ ነው። ከታች ዞራ ሄዳ ከሆነ እዚያ አትወጣም።

«ጋሼ ላውሪያኖ፣ እንግዶቹ በርዷቸዋል» አለች ፊሎሜና። «አንዷ እያስመለሳት ነው። ልመለስ?»

«ስንት ቀረ?» አለ ቤልሚሮ።

«ሰባት ደቂቃ።»

«እንጠብቃለን። ይኼ ሰውዬ ሌላው ቢቀር መቁጠር ይችላል።»

ሰባቱ አለፈ። ስምንት፣ ዘጠኝ። መነጽሩ ውስጥ ነጭ ብቻ ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሬዲዮው ተከፈተ። የዓሣ ነባሪዋ ትንፋሽ በሬዲዮው ውስጥ ተሰማኝ፤ ረጅም፣ እርጥብ። ከዚያ ሌላ። ሬዲዮውን እንደከፈቱ ተዉት፤ ትንፋሿን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

«ላውሪያኖ» አለ ቤልሚሮ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ጅራቷን አንሥታ ገባች። አየሁት።»

«እሺ።»



«ደርሶኛል» አለ ቤልሚሮ።