ማህጁብ ሲያስብ ዝም ይባላል

መምህር እንዳለን የሚያበሳጨው ነገር ብዙ ነው፤ እንደ ዘገየ መልስ ግን ደሙን የሚያፈላው የለም። የታሪክ መምህር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ አሶሳ ሲመጣ፣ አንድ ዓመት ሰርቼ እዛወራለሁ ብሎ ነበር። ይኸው ፀጉሩ ሳሳ፣ የዝውውሩም ወሬ ቀረ። ምን አስቀረህ ሲሉት ሙቀቱን ይራገማል፣ ትንኙን ይራገማል፣ የቤት ኪራዩን ይራገማል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ማንም ሳይጠራው ከገበያው ጀርባ ወዳለችው ሻይ ቤት ይገሰግሳል። ያስቀረው ይኸው ነበር።

ሻይ ቤቷ ቤት የላትም፤ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከሥሩ ጥቂት በርጩማዎች፣ በቃ። እዚያ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። እንዳለ አንዱ ነው። ሁለተኛዋ ሕብረት ናት፤ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ትሠራለች፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው መከራ ስትመዘግብ ትውልና ቅዳሜ ዕለት መሳቅ ትፈልጋለች። ሦስተኛው ማህጁብ ነው፤ የግብርና ባለሙያ፣ የበርታ ልጅ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ጨዋታቸው ጠቅላላ ዕውቀት ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ከጎኑ ያለው ይመልሳል፣ ከዚያ ተራው የመላሹ ይሆናል። የተሳሳተ ሻይ ይጋብዛል።

በመጀመሪያው ሰሞን እንዳለ ያው እንዳለ ነበር። ማህጁብ ጥያቄ ሲጠየቅ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን እንዲሁ ጨፍኖ ሳለ እንዳለ ጣቱን እያጠፈ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አለቀ! ተኛህ እንዴ?" አለው። ማህጁብ ዓይኑን ገለጠ፣ ተነሣ፣ የሁሉንም ሻይ ከፈለና ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣም። ሕብረት ናት ቤቱ ድረስ ሄዳ ለምና ያመጣችው።

"አንተ በአማርኛ ትጠይቃለህ፣" አለው ማህጁብ፣ ሳይቆጣ። "እኔ ጥያቄህን ቤቴ እወስዳለሁ። በርታኛ አደርገዋለሁ። እዚያ አስባለሁ። ከዚያ መልሱ ተሸክሜ ወደ አንተ እመጣለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወላሂ። አንተ መንገድ ላይ ድንጋይ ትወረውራለህ።"

እንዳለ አፈረ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ተማሪዎቹን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረጋቸው ትዝ አለውና የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ሕብረት ያን ጊዜ ሕግ አወጣች፤ ማህጁብ ሲያስብ ዝም ይባላል። ዝምታውን የሰበረ ተሸነፈ፣ ሻዩንም እሱ ይከፍላል።

ሕጉ ጸና። ማህጁብ ዓይኑን ሲጨፍን ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ዝንብ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ ያቺ ትዕግሥት የለሽ የእንዳለ ምላስ ጥርሱ ውስጥ ታስራ ትቀመጣለች። እንዳለ እየዋለ እያደረ ያን ዝምታ ወደደው። በሳምንት አንዴ የሚያርፍበት ቦታ ሆነለት። ደግሞ የሚያስቀው ነገር፣ ያ ሁሉ ተጠብቆ ማህጁብ ግማሽ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ይዞ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ሦስቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ራሱ ነው።

አንድ ጊዜ እንዳለ ባሕር የማይነካት፣ ዙሪያዋን በአንድ አገር ብቻ የተከበበች የአፍሪካ አገር ማን ናት ብሎ ጠየቀው። ማህጁብ ጨፈነ። ቆየ። ቆየና "ስዋዚላንድ" አለ። "ሞዛምቢክን የት አደረስካት?" ብሎ እንዳለ ጮቤ ረገጠ። ማህጁብን ይህች ጥያቄ ከነከነችው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ገና ከሩቅ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ "ሌሶቶ!" እያለ መጣ።

ግንቦት ላይ የማህጁብ አባት ታመው ተነሡ፤ እንዳለና ሕብረት ሊጠይቋቸው ከመንጌ ወዲያ ወዳለው መንደራቸው ሄዱ። የወሰዳቸው ዲማ ነው፤ የባምባሲ ልጅ፣ የሕብረት ጎረቤት፣ ባለ ፒክአፕ። ሽማግሌውን ጠየቁ፣ በሉ፣ ጠጡ። ከዚያ ከግቢው ማንጎ ሥር ተቀምጠው፣ ቅዳሜ ነውና፣ ጨዋታቸውን ጀመሩ። እዚያ ሻይ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ሕብረት የተሸነፈ ዛፉ ላይ ወጥቶ የበሰለ ማንጎ ያወርዳል ብላ ፈረደች።

"ሦስት ልብ ያለው እንስሳ ማን ነው?" አለችው እንዳለን።

"ግመል!" አለ እንዳለ፣ እንደ ልማዱ ጥያቄው ሳያልቅ።

"ኦክቶፐስ። በል ውጣ።"

እንዳለ ጫማውን አወለቀ። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ ግንዱ እንደ ረጠበ ነው። ዛፉን አቅፎ ትንሽ ታገለና ተንሸራትቶ ወረደ፤ ሸሚዙ አረንጓዴ ሆነ። ማህጁብ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ተው፣ ተው! አንተ የደጋ ሰው ነህ፣ ይህ ዛፍ አያውቅህም። እኔን ያውቀኛል፣ አብሮኝ አደገ" አለና በእሱ ፈንታ ወጣ። እንዳለ ከሥር ሆኖ "ከላይ ያለውን፣ ቀዩን!" ይለው ነበር።

እግሩን ሲያድጠው አላዩትም። የሰሙት ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ አንድ ከባድ ድምፅ ነው። የሚገርመው ማህጁብ ራሱ ተነሥቶ ተቀመጠ። "ደህና ነኝ" አለ፣ ሊስቅም ሞከረ። ከዚያ አስመለሰው። ከአንድ ጆሮው ቀጭን ደም ወረደ። አባቱ ከቤት በምርኩዝ እየወጡ በበርታኛ ሲጣሩ እንዳለ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ማህጁብን ከዲማ ጋር ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባው።

በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዶ ነበር። ያገኟት ባለሙያ ወጣት ናት፣ ግን የምትሠራውን ታውቃለች። አንገቱን በጨርቅ ጠቅልላ በጀርባው አስተኛችው፣ ዓይኑን በባትሪ አየችና ፊቷ ተለወጠ። እንዳለንና ሕብረትን ወደ በሩ ጠራቻቸው።

"ጭንቅላቱ ነው። እዚህ የማደርግለት የለኝም፣ አሶሳ መድረስ አለበት። እንዳይተኛ እያናገራችሁት ሂዱ። መልስ መስጠት ካቆመ እንዳትጠብቁ። ያኔውኑ መኪናውን አቁሙ፣ በጎኑ አዙሩት፣ አፉን በጣታችሁ ጥረጉለት፣ አገጩን ቀና አድርጉ። ትውከቱ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ያፍነዋል። ገባችሁ?"

"ገባን።"

"ምን አልኩ?" አለችው እንዳለን።

እንዳለ አንድ ቃል ሳይስት ደገመላት።

የኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን እንዳለ ጭኑ ላይ፣ እግሩን ሕብረት ጭኗ ላይ አድርገው ተነሡ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቢፈጥን ያንገጫግጫል፣ ቢዘገይ ጊዜው ይሄዳል፤ ዲማ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ መሪውን ሙጥኝ ብሎ ይዟል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ማህጁብ መጀመሪያ ላይ ሳይጠይቁትም ያወራ ነበር።

"ማንጎውን ያዛችሁ?"

"ይዘናል" አለች ሕብረት። አልያዙም።

እየቆየ ቃሉ መጎተት ጀመረ፣ ሽፋሽፍቱ ከበደው። እንዳለ ልቡ ፈራ። ጓደኛው እጁ ላይ እያለቀ እንደሆነ ተሰማው። "ማህጁብ! ስምህ ማን ነው? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለው።

"አንተ… የሞኝ ጥያቄ አትጠይቅ" አለ ማህጁብ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሕብረት እያለቀሰች ሳቀች። "እውነቱን ነው፣ በደንብ ጠይቀው እንጂ!" አለች። እንዲህ ሆነና ጨዋታውን ጀመሩ። ከሰው የአካል ክፍሎች ትልቁ ማን ነው አለው እንዳለ። ማህጁብ ትንሽ ቆየና "ቆዳ" አለ። ልክ ነበር። የሚቀጥለው ተራ የእሱ ነው፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ተራውን አልለቅም አለ።

"ሕብረት… ማንጎ መጀመሪያ ከየት መጣ?"

"ከአሶሳ ነዋ!"

"ከህንድ" አለ ማህጁብ። ትንፋሽ ወሰደ። "እዚያው በቀረ።"

ሦስቱም ሳቁ፣ ዲማም ሳይቀር። እንዳለ በዚያች ቅጽበት ይተርፋል ብሎ አመነ። እንዲህ የሚቀልድ ሰው አይሞትም። ሕብረት መጠየቅ ስላቃታት ተራዋን በእጇ ለእንዳለ አሳለፈችለት። እንዳለም ቀላል ጥያቄ ፈለገ፤ ማህጁብ የሚያሸንፍበትን፣ ደስ የሚለውን። አገኘም።

"ባሕር የማይነካት፣ ዙሪያዋን በአንድ አገር ብቻ የተከበበች የአፍሪካ አገር ማን ናት?"

የማህጁብ ዓይን ተጨፍኗል። ፊቱ የቅዳሜው ፊት ነው፣ ጥያቄውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድበት። እንዳለ አፉን ገጠመ። ሕብረት የማህጁብን እግር እንደ ያዘች ዝም አለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዛፉ ሥር ጀምሮ ጨብጦት የነበረው ፍርሃት ሲለቀው ተሰማው። ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ስንት ቅዳሜ አርፎበታል።

ዲማ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። "መምህር፣ ምነው ዝም አለ?"

"ተወው፣ እያሰበ ነው።"

ሕብረት ደግሞ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለዲማ ምልክት ሰጠችው። ዲማ የሕጉን ነገር አያውቅም፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ያውቃሉ ብሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። አንድ ዳገት ወጡ፣ ወረዱ። ከዳገቱ ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ መኪናው ሲዘልል የማህጁብ ጭንቅላት በእንዳለ ጭን ላይ እንዲያው ዞረ፣ የሚይዘው አንገት እንደሌለው ሁሉ። ከአፉ ጎን ትውከት ወረደ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"አቁም! ዲማ አቁም!"

ባለሙያዋ ያለችውን ሁሉ አደረጉ። በጎኑ አዞሩት፣ እንዳለ ጣቱን አስገብቶ አፉን ጠረገ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ስሙን በዝናቡ ላይ ጮኸ። አንድም ነገር አልተሳሳተም። ዘገየ እንጂ።

አሶሳ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ለአፍታ ብቻ ነው ያየው። ወጥቶ ነገራቸውና ትከሻቸውን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። እንዳለ በባዶ እግሩ፣ በአረንጓዴው ሸሚዙ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሕብረት ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

የማህጁብ ሚስት ኢቲዳል አሶሳ ካለው ቤታቸው ተደውሎላት በባጃጅ መጣች። ነገሯት። አልጮኸችም፤ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ዱዓ ስታደርግ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ እንዳለን አየችው።

"መጨረሻ ምን አለ?"

"እንዳለ፣ አሁን ተው" አለች ሕብረት ከነጠላዋ ውስጥ። እንዳለ ግን ሊዋሽ አልቻለም።

"እንጫወት ነበር። እንዳይተኛ ብለን። ጥያቄ ጠየቅሁት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። እኛ… መልሱን እየጠበቅን ነበር።"

"ምን ጥያቄ?"

ነገራት። ድምፁ ለራሱም አልሰማ አለው።

"ሌሶቶ" አለች ኢቲዳል ወዲያው። ግራ ገብቷት አየችው። "ይህ ጥያቄ ቤት ሁሉ ያውቃል። ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቃል፣ ማህጁብ ማታ ማታ ያስጮኻቸዋል። ማህጁብ ለዚህ አያስብም።"

ሕብረት ነጠላውን ከፊቷ አወረደች።

"ታዲያ ምን ትጠብቁ ነበር?" አለች ኢቲዳል።

እንዳለ አፉን ከፈተ። ማንም አላጣደፈውም።