ዐይናችሁን ጨፍኑ

«ዐይናችሁን ጨፍኑ። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አሁን ትንፋሻችሁን ብቻ አዳምጡ።»

የአራተኛ ክፍል ልጆች ተጨናንቀው እንደተቀመጡ ጨፈኑ። መምህርት ኤቢሴ ይህን ትምህርት ከክረምቱ ስልጠና ካመጣችው ወዲህ ባልደረቦቿ «ማስተኛ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ታምንበታለች። ከአየር ጤና መንገድ የሚመጣው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እንኳ ልጆቹን አይረብሻቸውም። ዛሬ የተረበሸችው ራሷ ናት።

ጠዋት ከደወሉ በፊት የተማሪዋ የፀሎት አጎት ጋሽ ማርቆስ በር ላይ ጠብቀው፣ የልጅቱ እናት ሸዋገነት ሆስፒታል ውስጥ ማረፏን ነግረዋታል።

«ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እስክናረዳት እንዳትሰማ። እስከዚያ እዚህ ትቆይልን፤ አደራ።»

አደራ ከተባለ ወዲያ ምን መልስ አለ? ኤቢሴ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

አሁን «የሚሰማችሁን አትሽሹት፤ እንዳለ ተቀበሉት» ልትል ስትል ተወችው። ፀሎት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ እንደተማረችው በቀስታ ትተነፍሳለች። ኤቢሴ በራሷ አፈረች። ሆድ ይፍጀው ብላ ልታሳልፈው ትችል ይሆናል፤ ፊቷን ግን አላመነችውም።

ልጆቹ ዐይናቸውን ሲገልጡ የቤት ሥራ ማረም ጀመረች። በዚህ ነገር ምሕረት አታውቅም። ፀሎትንም፣ እናቷ ታማ ተኝታ ሳለች እንኳ፣ ከሌሎቹ ለይታ አልማረቻትም።

የፀሎት ደብተር ባዶ ነበር። ኤቢሴ እጇን የልጅቱ ጸጉር ላይ አሳረፈች።

«ምንም አይደል፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፀሎት ቀና ብላ የመምህርቷን ፊት አየች፤ ቶሎም አልተወችውም።

«የሰልሳቢል አባት የሞቱ ቀን» አለች በቀስታ፣ «ሰው ሁሉ የኔ ቆንጆ፣ የኔ ቆንጆ ይላት ነበር። ጎረቤታችን ናት። እሷ ግን አላወቀችም ነበር።»

ኤቢሴ እጇን ከጸጉሯ ላይ አነሣች። አደራውን በገዛ እጇ እንደበላች ገባት፤ ክፉኛም ፈራች።

ፀሎት ዴስኩን ተደግፋ ተነሣች።

«ቲቸር፣ የቤት ሥራዬን አልሠራሁም እኮ። ይቆጡኝ።»

«ፀሎትዬ፣ ቁጭ በይ…»

«እባክዎ ይቆጡኝ።»

ኤቢሴ ግንባሯን ለማኮሳተር ሞከረች። ልጅቱ ዐይኗን ሳትነቅል ትጠብቃታለች።

«ለምንድን ነው…» አለች ኤቢሴ፤ ድምጿ ከዚያ አላለፈም።