«ደርሷል» ያለው ማን ነው?

ቢቸና ውስጥ እኔ ነክቼው ያልዳነ ኮምፒዩተር የለም። ከየጁቤ እስከ መርጡለ ማርያም ያለ ቢሮ ሁሉ ሲጨንቀው «ደምለውን ጥሩት» ነው የሚለው። አንድ ጊዜማ ተገንዞ ሊቀበር የደረሰ ላፕቶፕ አስነሥቼ ባለቤቱ ጫማዬን ሊስም ወድቆ እኔው አነሣሁት።

እንግዲህ ሲስተር ስርጉት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱቄ ገብታ «ጋሽ ደምለው፣ ማመልከቻዬ ሞጣ አልደረሰም» ስትለኝ ብስቅ አይፈረድብኝም።

ስርጉት የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናት። የአራት ዓመት ልጇ ሞጣ፣ እናቷ ዘንድ ነው የምታድገው። የአያትየው ዐይን ደግሞ ዘንድሮ እየከዳቸው መጥቶ፣ ባለፈው ሳምንት ልጅቱ አምልጣቸው አስፋልት መሃል ተገኝታለች። ሞጣ ውስጥ አንድ የአዋላጅ ቦታ ተከፍቷል። ማመልከቻ የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ የሚዘጋው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የስልክ ዳታ አይሠራም፤ የኬብል መስመር ያለው ሱቅ ደግሞ የእኔ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በፊት በገዛ እጄ በጻፍኩት ፕሮግራም ልኬላት፣ «ደርሷል» የሚለውን መልስ በዐይኗ አይታ ሄዳለች።

«ደርሷል ብሏል እኮ» አልኳት። «እኔ የላክሁት ነገር ሞጣ ቀርቶ ሰማየ ሰማያት ይደርሳል።»

«የሞጣውን የዝውውር ክፍል ሠራተኛ አቶ ምንይሉን አሁን ደውዬ ጠየቅኋቸው። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። የእኔ ስም የለም።»

«ምንይሉ መነጽሩን ይጥረግ።»

«እሳቸውስ ይጥረጉ። እርስዎ ግን ይንገሩኝ፤ ደርሷል ያለው ማን ነው?»

ይህን ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሜ ድረ ገጽ የሚጠራው ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት ኮድ ነው፤ ላይብረሪ ይሉታል። ጥያቄህን ተቀብሎ መልስ ያመጣልሃል። በየት በኩል ሄዶ ማንን እንዳነጋገረ ግን፣ አጥብቀህ ካልጠየቅኸው በስተቀር ትንፍሽ አይልም። ግንኙነቱን ውስጡ ሸሽጎ ይይዘዋል።

ተቀመጥሁና ጥቂት የኮድ መስመር ጨመርሁ፤ ላክ፣ መልሱን አንብብ፣ ከዚያ የተነሣህበትንና ያነጋገርከውን አድራሻ ንገረኝ። አስነሣሁት።

«ምን ይላል?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነው የሚለው። አድራሻ የለም ይላል።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። ዝናቡ ነው አልሁ። ከሞጣ እስከዚህ ያለው መስመር እንዴት እንደተዘረጋ፣ ሲዘረጋ መሐንዲሶቹ እኔን ሳያማክሩ አንድ ጉድጓድ እንዳልቆፈሩ ማስረዳት ጀመርሁ።

«ጋሽ ደምለው» አለች፣ ዐይኗን ከስልኳ ሰዓት ሳታነሣ፣ «እኔ ምጥ የያዛት ሴት ፊት ይህን ያህል አላወራም።»

ዝም አልሁ። ዝም ስል ታየኝ። የምጠይቀው መልሱን አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ ነው! ላይብረሪው መልሱ ተነቦ ሲያልቅ ግንኙነቱን ይለቀዋል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ማን ልበል?» እንደማለት ነው። መልሱ ገና ሳይነበብ፣ መስመሩ እንደተያዘ መጠየቅ አለብኝ። የኮዱን መስመሮች አገላበጥሁና እንደገና አስነሣሁት።

ሁለት አድራሻ ወጣ።

«የላይኛው ምንድን ነው?»

«የተነሣበት።»

«የታችኛውስ?»

«የደረሰበት።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «አንድ ዓይነት ናቸው እኮ።»

ሁለቱም አንድ መቶ ሃያ ሰባት ብለው ይጀምራሉ፤ ማንኛውም ኮምፒዩተር ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ መምህሮቼን ያስጨነቅሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ ግን አልገጠመኝም። ሰሙ ሞጣ ይላል፣ ወርቁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፕሮግራሙን ለወረዳው ሰዎች ሳሳይ፣ መስመሩ ተቋርጦ እንዳያዋርደኝ ብዬ እዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ የሞጣን ድረ ገጽ አስመስዬ የራሴን ሞጣ ሠርቼ ነበር። ምንም ቢልኩለት «ደርሷል» የሚል ሞጣ። እውነተኛዋ ሞጣ ስትጠራ ወደዚህ እንዲመጣ አንድ ትእዛዝም ጽፌያለሁ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ደብረ ወርቅ ድረስ ተሰምቷል። ትእዛዙን ማጥፋት ረሳሁ።

ነገርኳት። ሌላ ምን ላደርግ?

«ሦስት ቀን ሙሉ እናቴን ደርሷል እያልሁ ያጽናናሁት…»

«በእኔ ሞጣ ነው።»

«ሌሎቹስ? የሺህ ሰው ማመልከቻ ልኬበታለሁ ብለውኝ ነበር። የእነሱም እዚሁ ነው የቀረው?»

«ሌላ ሰው የለም» አልሁ። «የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም።

«አጥፋው» አለች። «ያጥፉት» አላለችም።

አጠፋሁት። እንደገና ላክሁ። አሁን የታችኛው አድራሻ ሌላ ሆነ፤ አይቼው የማላውቀው ቁጥር ነው። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። መልሱ እየተጎተተ መጣ፤ «የዲግሪው ቅጂ መጠን ከተፈቀደው በላይ ነው፤ ማመልከቻው አልተመዘገበም» ይላል። የእኔ ሞጣ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ አያውቅም።

ቅጂውን አሳነስሁት። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ስድስት። ላክሁ። ስርጉት የወንበሬን መደገፊያ ይዛ ቆማለች። መስመሩ ቆመ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ።

«ተመዝግቧል። ተራ ቁጥር 43።»

«በቃ!» ብዬ ዘወር ስል እሷ ስክሪኑን አላየችም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«አቶ ምንይሉ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡልኝ… ከመጨረሻው ይጀምሩ… እሺ።» አዳመጠች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። ሌላ ቁጥር ደወለች።

«እማ፣ አሁን ገባ። አይ፣ ገና ነው፣ ለውድድር ነው እንጂ አልተሰጠኝም… የዛሬውን ከቢሮው ሰው አፍ ነው የሰማሁት። እስኪታወቅ ድረስ የግቢውን በር በገመድ እሰሪው። ሁለት ዙር አድርጊና ቋጠሮውን ከላይ፣ እጇ የማይደርስበት ቦታ አድርጊው።»