ኢሳቅ የሞላው የጠባይ ዝርዝር

ኢሳቅ መቅደላን ይወዳታል፤ ግን ነግሯት አያውቅም። ወልድያ ላይ ኮምፒውተር አብረው ሲያስተምሩ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያያት ዝም አለ። ጅማ ስትዛወር ደግሞ፣ ለፋሲካ ቤተሰቦቿ ጋ መርሳ ስትመጣ እነግራታለሁ አለ። ሁለት ፋሲካ መጥታ ተመለሰች። እሱ መርሳ ድረስ ወርዶ፣ ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጭኖላት፣ መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ ጠይቆ መጣ። ዘንድሮ ግን ቆርጧል፤ ይነግራታል።

እሷ ከሄደች ወዲህ የቅዳሜው ጨዋታም ቀዝቅዟል። ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠራ ሰው ሆነው፣ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ ታሪክ የሚቀጥሉበት ጨዋታ ነው። ሰዎቹን የምትፈጥርላቸው መቅደላ ነበረች። አሮጌዎቹን ሰዎች እየደጋገመ መጫወት የሰለቸው ጓደኛቸው ደጀን፣ ቁልፍ ስንጫን አዲስ ሰው የሚያወጣልን ፕሮግራም ሥራ ብሎ ኢሳቅን ያዘው።

ኢሳቅ ሳምንቱን ተቀመጠበት። ስም፣ የአባት ስም፣ አገርና ሥራ በየዝርዝሩ አስገባ፤ ፕሮግራሙ ከየዝርዝሩ እንደ ዕጣ አንዳንድ እያነሳ ሰው ያወጣል። ስሞቹን እስላም ክርስቲያን ብሎ አልለየም። ሌላ ቦታ ብርሃኑ ሰይድ የሚል ስም ሲወጣ ማሽኑ ተበላሸ ይባል ይሆናል፤ እዚህ ወሎ ግን ብርሃኑ ሰይድ የሚባል ጎረቤት አይጠፋም። የቀረው ጠባይ ነበር። ሠላሳ ያህል፣ እንደመጣለት ጻፈና ጨረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደጀንና ዘይነባ መጡ። ዘይነባ ከመቅደላ ጋር አንድ ቤት ተከራይታ የኖረች ናት። ደጀን ቁልፉን ሲጫን ብርሃኑ ሰይድ ወጣ፤ የሐራ ከተማ ልብስ ሰፊ፣ ጠባዩ ተኳርፎ ቀድሞ መደወል። ዘይነባ ስትጫን አማከለች ይመር የምትባል ነጋዴ ወጣች፤ ጠባይዋ ቀልዱን ሳይጨርሱ መሳቅ። ደጀን በደስታ ጠረጴዛውን መታ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። አሥር ጊዜ ያህል ደጋግማ ተጫነችና ቀና አለች።

«ኢሳቅ፣ ይሄ ሁሉ መቅደላ ናት'ኮ።»

ኢሳቅ አልካደም። «ለፋሲካ እነግራታለሁ» አለ።

ዘይነባ ዓይኗን ሰበረች። ባለፈው ሳምንት መርሳ የመቅደላ አባት ዘንድ ሌላ ሰው ሽማግሌ እንደላከ፣ የሠርጉ ቀንም ለዳግማይ ትንሣኤ እንደተቆረጠ፣ ልትነግረው ብላ ስታዘገይ እንደቆየች ነገረችው።

«ሁለት ፋሲካ ጠበቀችህ» አለችው።

ደጀን ለዛሬ እንተወው ቢል ኢሳቅ አልሰማውም። ኮምፒውተሩን ሳብ አድርጎ ሠላሳውን ጠባይ አንድ በአንድ እያነበበ አጠፋ። ከዚያ በባዶው ዝርዝር ፊት ተቀመጠ። ተማሪዎቹን አሰበ፣ ባልደረቦቹን አሰበ፣ አከራዩን አሰበ። የአንዳቸውም ጠባይ አልመጣለትም። አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው አላየም ነበር።

«እስኪ እናንተ ንገሩኝ» አላቸው።

ዘይነባ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የሚወዱትን ሳይናገሩ መቆየት ብለህ ጀምር» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ኢሳቅ ጻፈው።